ፖምፓ ያለ ኃጢአቱ

በአዲስ አበባ መንገድ ዳር የአሮጌ ናፍጣ መኪና ኮፈን ሲከፈት ፍርዱ ከምርመራው ቀድሞ ይደርሳል። ሾፌሩ ኮፈኑን ደግፎ ገና ቀና ሳይል ሎተሪ አዟሪው፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው፣ ከኋላ ከቆመው ሚኒባስ የወረደው ረዳትና ወደ ለቅሶ ቤት በመሄድ ላይ የነበሩ አንድ አዛውንት ሞተሩን ከበው ቆመዋል። በሌላ በማንኛውም ጉዳይ ቢጠየቁ አራት ዓይነት መልስ የሚሰጡት እነዚህ ሰዎች እዚህ ላይ ሙሉ ስምምነት አላቸው፤ «ፖምፓው ነው!» መኪናው ጠዋት አልነሳ ቢል ፖምፓው ነው። ዳገት ላይ ቢንፏቀቅ ፖምፓው ነው። ጥቁር ቢያጨስም፣ ነጭ ቢያጨስም፣ ጭራሽ ባያጨስም ፖምፓው ነው። ፖምፓው አፍ የለውምና ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ እምነት ቃል ይቆጠርበታል። የእኔ ክርክር አጭር ነው። በአሮጌ ናፍጣ መኪና ላይ ዘወትር የሚከሰሰው ፖምፓ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ከእሱ በፊት ወይም ከአጠገቡ ባለ፣ ዋጋው ትንሽ በሆነና ለማየት በማያስቸግር ነገር ላይ ነው። ስለዚህ ምርመራ ከታንከሩ ክዳን ተነስቶ ወደ ሞተሩ መሄድ አለበት እንጂ ከፖምፓው ተነስቶ ወደ ባንክ መሄድ የለበትም።

ፖምፓው እንዲህ በቀላሉ የሚወነጀለው በሦስት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛ፣ የተዘጋ ነው። ፊልትሮ ይፈታል፣ ቱቦ ይታያል፣ ፋሼታ በእጅ ይነካል፤ በፖምፓው ሆድ ውስጥ ያለውን ግን ከባለሙያው በስተቀር ያየ የለም፤ ያላዩትን መጠርጠር ደግሞ ያዩትን ከመመርመር ይቀላል። ሁለተኛ፣ ውድ ነው። ትልቅ ችግር ትልቅ ምክንያት ሊኖረው ይገባል ብለን ስለምናምን፣ ባለቤቱን ከሥራ ያስቀረና መንገድ የዘጋ ብልሽት ከአንዲት የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ መጣ ሲባል ክብራችን የተነካ ይመስለናል። ሦስተኛው ምክንያት ግን እውነት አለበት፤ ፖምፓው በርግጥም ብዙ ሥራ ይዟል። በአሮጌዎቹ የቶዮታ ሃይሉክሶች፣ ሃያስ ሚኒባሶችና ላንድ ክሩዘሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ፖምፓ የጀርመኑ ቦሽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ ያወጣው «ቪኢ» የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ የጃፓኑ ዴንሶ ፈቃድ አግኝቶ ሲያመርተው የኖረ ነው። ናፍጣውን ከታንከር የሚመጠው እሱ፣ የሚያምቀው እሱ፣ ልኩን የሚሰፍረው እሱ፣ ሰዓቱን ጠብቆ ለየሲሊንደሩ የሚያድለውም እሱ ነው። አራት ሥራ የደረበ ሹም ደግሞ አቤቱታ አይጎድልበትም።

የናፍጣ ሞተር በባሕርዩ ጥያቄው ጥቂት ነው። እንደ ቤንዚን መኪና እሳት የሚያቀብል ካንዴላ የለውም፤ አየሩን በኃይል ያምቅና በዚያው ግለት ናፍጣው ራሱ እንዲነድ ያደርጋል። ቶዮታዎቹ አየሩን ወደ 22 እጥፍ ገደማ ስለሚያምቁት ግለቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ ናፍጣ ደግሞ ለመንደድ ከዚያ በጣም ያነሰ ግለት ይበቃዋል። ስለዚህ ሞተሩ የሚፈልገው በደንብ የታመቀ ንጹሕ አየር፣ በልኩ የተሰፈረ ነዳጅና ትክክለኛ ሰዓት ብቻ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል አውግስቡርግ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 በተሳካ ሁኔታ ያስነሳው ሞተር ነዳጁን ይረጭ የነበረው በታመቀ አየር ነው፤ ቦሽ ፖምፓ በብዛት ማምረት የጀመረው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1927 ነው። እንግዲህ የናፍጣ ሞተር የልጅነት ዘመኑን ያለ ቦሽ ፖምፓ አሳልፏል፤ መበላሸቱን ግን አንድ ቀንም አላቋረጠም። ይህ ብቻውን ለተከሳሹ ጥሩ የመከላከያ ማስረጃ ነው።

የነዳጁን መንገድ በቅደም ተከተል ማወቅ የምርመራው እኩሌታ ነው። ናፍጣው ከታንከሩ ይነሳል፤ ታንከሩ ክዳን አለው፣ ክዳኑ አየር ማስገቢያ አለው፣ ወደ ታች በወረደው መምጠጫ ጫፍ ላይ ደግሞ ወንፊት አለ። ከዚያ በሻሲው ሥር በብረት ቱቦ ወደ ፊት ይመጣል፤ ብረቱ ከጎማ ቱቦ ጋር በፋሼታ ይያያዛል፤ ፊልትሮው ዘንድ ይደርሳል፤ በፊልትሮው አናት ላይ በመዳፍ የሚገፋ ትንሽ የእጅ ፓምፕ አለ። ፖምፓው የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ከፖምፓው በቀጫጭን ጠንካራ ቧንቧዎች ወደ ኢንጀክተሮቹ ይሄዳል፤ ኢንጀክተሮቹም የተረፋቸውን በትናንሽ ቱቦዎች ወደ ታንከሩ ይመልሳሉ። ከፖምፓው በፊት ያሉትን ብንቆጥር ክዳን፣ ወንፊት፣ የብረት ቱቦ፣ የጎማ ቱቦ፣ ፋሼታ፣ ፊልትሮና የእጅ ፓምፕ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን መኪና ማስቆም ይችላሉ፤ የአብዛኞቹ ዋጋ ግን ቢደመር ከፖምፓው ዋጋ አጠገብ አይደርስም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት አበው ናፍጣ አልነዱም እንጂ ቢነዱ ኖሮ ከታንከሩ ጀምሩ ባሉን ነበር።

በዚህ መንገድ ላይ ካሉት ብልሽቶች ሁሉ ተንኮለኛው የማያፈስ ቀዳዳ ነው። በእነዚህ መኪኖች ከታንከሩ እስከ ፖምፓው ያለው ናፍጣ የሚመጣው ከኋላ ተገፍቶ ሳይሆን ከፊት ተመጥጦ ነው። ስለዚህ ቱቦው ሲሰነጠቅ ናፍጣው ወደ ውጭ በመንጠብጠብ ፋንታ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። የተሰነጠቀ ስትሮ የደረሰው ልጅ ለስላሳውን ትቶ አየር እንደሚምገው ማለት ነው፤ ጉንጩ ይጎደጉዳል፣ ጠርሙሱ ግን አይጎድልም። መኪናው የቆመበት መሬት ደረቅ ሆኖ ስለሚገኝ «ምንም አያፈስም» ተብሎ ቱቦው በነጻ ይሰናበትና ፖምፓው ይታሰራል። ሌሊቱን ናፍጣው ቀስ እያለ ወደ ታንከሩ ይሸሻል፤ ጠዋት ሞተሪኖው ባትሪው እስኪደክም ይዞራል፤ ሞተሩ በስንት መከራ ሲነሳም ጥቂት ይንገዳገድና ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይውላል። ማታ ጤነኛ፣ ጠዋት በሽተኛ የሆነ ናፍጣ መኪና ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው አየር ነው።

መመርመሪያው ጥርት ያለ አጭር የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ከፊልትሮው መውጫ የሚመጣው የጎማ ቱቦ ከፖምፓው መግቢያ ላይ ይፈታና በመካከል ይህ ጥርት ያለው ይገባል፤ በእጅ ፓምፑ ናፍጣው ተገፍቶ አየሩ ከወጣ በኋላ ሞተሩ ይነሳል። መጀመሪያ ጥቂት ትልልቅ አረፋዎች ያልፋሉ፤ እነሱ ሲገጠም የገቡ ናቸውና ማንንም አያስከስሱም። ቀጥሎ ቱቦው ዳር እስከ ዳር በናፍጣ ሞልቶ፣ ነዳጁ እየሄደ ይሁን ቆሞ ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ ጥርት ማለት አለበት። ይልቁንስ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ደቃቅ አረፋዎች ተከታትለው ከመጡ ጉዳዩ አለቀ፤ አየር እየገባ ነው፣ የሚገባውም ከዚያ ነጥብ በስተኋላ ነው፤ ፖምፓው ደግሞ በስተፊት ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ጥርቱን ቱቦ ከፊልትሮው በፊት፣ ከዚያም ወደ ታንከሩ ጠጋ እያደረጉ መግጠም፣ አረፋው የጠፋበትን ቦታ መያዝ። ብዙ ጊዜ የሚያዘው አንድ የላላ ፋሼታ ወይም የእጅ ፓምፑ ያረጀ ጎማ ነው። ከዚህ ፍተሻ በኋላም «አይ፣ ፖምፓው ነው» የሚል ሰው ካለ ከመኪናው ጋር የተያያዘ ጉዳይ የለውም፤ ከፖምፓው ጋር የቆየ ቂም ነው ያለው።

ታንከሩም የራሱ ድራማ አለው። ነዳጅ ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ የክዳኑ አየር ማስገቢያ በአቧራና በጭቃ ከተደፈነ ታንከሩ ውስጥ ያለው ባዶነት እየበረታ ሄዶ ናፍጣውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር በደህና ይሄድና ጉልበቱ እያነሰ ይቆማል። ወንፊቱ ሲቆሽሽም ታሪኩ ይመሳሰላል፤ የታንከሩ ደለል ተመጥጦ መምጠጫው ላይ ይለጠፍና ሞተሩ ይጠፋል፣ መምጠጡ ሲያቆም ደለሉ ይወርዳል፣ መኪናው እንደገና ይነሳል። ሾፌሩ ወርዶ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ መኪናው ስለተነሳለት «ደክሞት ነበር» ብሎ ይገላግለዋል። ብረት ግን ሻይ ሲጠጣለት አይበረታም። ክዳኑን ሲከፍቱ ፉሽ የሚል ድምፅ ተሰምቶ መኪናው ወዲያው ከተሻለው፣ ሙሉ ምርመራው አንድ ክዳን በመጠምዘዝ ተጠናቀቀ ማለት ነው። ካልተሻለውም አንድ ትንሽ ጀሪካን ንጹሕ ናፍጣ ኮፈኑ ሥር ከጋሉ ነገሮች ርቆ ይቀመጥና ፖምፓው ከእሱ እንዲጠጣ፣ የመመለሻውም ቱቦ እዚያው እንዲገባ ይደረጋል። ሞተሩ በጀሪካኑ ደህና ከሠራ ጥፋቱ ከኋላ ነው፤ ፖምፓውን የሚፈታ ቁልፍ ወደ ሳጥኑ ይመለስ። በዚያም ላይ ካስቸገረ ታንከሩ፣ ወንፊቱና የሻሲው ቱቦ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጻ ወጡ። ጀሪካን በየቤቱ ባለበት አገር ይህን ያህል የሚያስተምር ፍተሻ አለመለመዱ ያስገርማል።

ፊልትሮው ዘንድ ስንደርስ ውኃ ይጠብቀናል። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይቀመጣል፤ ስለዚህ የፊልትሮው እግር ላይ ማውጫ ቡሎን ተሠርቶለታል፤ በብዙዎቹ መኪኖች ላይ ውኃው ልኩን ሲያልፍ ዳሽቦርድ ላይ መብራት ይበራል። አምራቹ ይህን ሁሉ አስቦ ሠርቷል፤ ያላሰበው፣ መብራቱ ዓይን ስለሚወጋ በፕላስተር የሚሸፍን ሾፌር እንደሚኖር ነው። ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም፤ የቪኢ ፖምፓ ውስጡ የሚለሰልሰው በሞተር ዘይት ሳይሆን በራሱ በናፍጣው ነው። ውኃ የጠጣ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ያገኘ ፖምፓ ብረት ከብረት ይፋተግበታል። ስለዚህ የዛሬው ንጹሕ ፖምፓ ነገ በእውነት የሚታመመው የፊልትሮው ጥፋት ሳይታረም ሲቀር ነው። ለፊልትሮ የሚወጣውን ትንሽ ብር ሸሽተን የፖምፓውን ትልቅ ብር እንከፍላለን። ሶማሌ ተራ ወርዶ ፊልትሮ የሚገዛ ሰው ሻጩን «ኦሪጅናል ነው ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ሻጩም «ኦሪጅናል ነው ጋሼ» ማለቱ አይቀርም፤ መካከለኛ ጥራት ያለው ፊልትሮ በሰዓቱ መቀየር ግን በስሙ ብቻ ኦሪጅናል የሆነውን ዓመታት ከማቆየት ይሻላል።

ከፖምፓው ትከሻ ላይ ደግሞ አንዲት ቀጭን ሽቦ የገባችበት የኤሌክትሪክ ቫልቭ አለ፤ ቁልፍ ሲከፈት ነዳጁን የሚለቅ፣ ሲዘጋ የሚከለክል እሱ ነው። አንድ ሰው ቁልፉን ሲከፍት ሌላው ጆሮውን ጠጋ ቢያደርግ ቀጭ የሚል ድምፅ መስማት አለበት። ድምፁ ከሌለ ሞተሪኖው እስኪመሽ ቢዞር ሞተሩ አይነሳም፤ ምክንያቱም ሽቦዋ ላልታ ወይም ዝጋ ሊሆን ይችላል። መኪናው ትናንት ምንም ሳይል ዛሬ በድንገት ዝም ያለ እንደሆነ ይህ ከቅድሚያ ተጠርጣሪዎች አንዱ ነው። እዚህ ላይ የጊዜ ነገር ብዙ ያስረዳል። ፖምፓ የሚያልቀው እንደ ማንኛውም የሚፋተግ ብረት ቀስ በቀስ፣ ወራት ወስዶ፣ እያስጠነቀቀ ነው። በአንድ ሌሊት የመጣ ብልሽት ግን ብዙውን ጊዜ የሽቦ፣ የአየር፣ የውኃ ወይም የአዲስ ናፍጣ ጉዳይ ነው። «መቼ ጀመረ?» የሚለው ጥያቄ ዋጋ አይጠየቅበትም፤ ምናልባት በየጋራዡ የማይሰማውም ነጻ ስለሆነ ይሆናል።

ጭስም ይናገራል፣ ቋንቋው ግን ከፍታ ይነካዋል። ጥቁር ጭስ ማለት ከአየሩ ይልቅ ናፍጣው በዝቷል ማለት ነው፤ ናፍጣው ጨምሮ ሊሆን ይችላል፣ አየሩ ቀንሶም ሊሆን ይችላል። በማለዳ የሚታየው ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ነው፤ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ወይም ሰዓቱን ያስመረምራል። ሰማያዊው ዘይት ነው፤ ከናፍጣ ጋር ዝምድና የለውም። አሁን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከወደብ ከተሞች አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ዱባይ ላይ፣ በባሕር ዳርቻ አየር ልክ ናፍጣው የተሰፈረለት ተርቦ የሌለው መኪና እዚህ ሲመጣ ያው ናፍጣ ይቀርብለታል፣ አየሩ ግን ጎድሏል። ጥቁር ማጨሱ የሕመም ሳይሆን የሒሳብ ውጤት ነው። ይህ መኪና ወደ አዋሽ ሲወርድ ጭሱ እየሳሳ፣ ጉልበቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ባለቤቱም «ቆላ ይስማማዋል» ይላል፣ ትክክልም ነው። እዚህ ላይ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከታፈነ ጉዳቱ ይደራረባል። ስለዚህ ጥቁር ያጨሰን መኪና ፖምፓ ከመፍታት በፊት የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ወደ ፀሐይ ማየት ይቀድማል፤ ብርሃን የማያሳልፍ ማጣሪያ አየርም አያሳልፍም።

ኢንጀክተሮችን ለመለየት የሚያስፈልገው መሣሪያ በየመካኒኩ ሳጥን ውስጥ ያለው ባለ 17 ቁልፍ ነው። መነጽር ይደረግና፣ ሞተሩ ሥራ ላይ እያለ በአንደኛው ኢንጀክተር ላይ ያለው የቧንቧ ዳዶ በጨርቅ ተሸፍኖ በጥቂቱ ይላላል፤ ናፍጣው በጨርቁ ሥር ይወጣና ያ ሲሊንደር ሥራ ይፈታል። ጤነኛ ሲሊንደር ሲቋረጥ ሞተሩ ወዲያው ይንገዳገዳል፤ ይጥበቅና ወደሚቀጥለው ይታለፍ። አንደኛው ላይ ሲደርሱ ዳዶው ቢላላም የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ድሮም አይሠራም ነበር። የሚያንኳኳው ድምፅ በዚያው ቅጽበት ከጠፋም አንኳኪው ኢንጀክተር ተገኘ፤ ሁለት ኢንጀክተር አቀያይሮ ሕመሙ ተከትሎ እንደሄደ ማየት ደግሞ ፍርዱን ያጸናዋል። ጨርቁና መነጽሩ ግን ለይስሙላ አይደሉም፤ ኢንጀክተሩ የሚከፈተው ከ100 ባር በሚበልጥ ግፊት ነው፣ እንዲህ ያለ ፍንጣቂ ቆዳ በስቶ ይገባል። ሌላው ሁሉ በገንዘብ ይካሳል፣ ጣት ግን ሶማሌ ተራም አይገኝም።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል። «የሃያ ዓመት ልምድ ያለው መካኒክ ፖምፓው ነው ካለ፣ ቀይሮም መኪናው ከተነሳ፣ የምን ክርክር ነው?» ይባላል። ልምድን የሚንቅ ሰው መኪና ባይኖረው ይሻላል፤ ጆሮው የሠለጠነ መካኒክ ሌላው ያልሰማውን ይሰማል። ነገር ግን ፖምፓ ሲቀየር ምን እንደሚሆን ልብ እንበል። ፖምፓው ሲወርድ ቱቦዎቹ ሁሉ ይፈታሉ፤ ሲመለስ የደረቁት በአዲስ ይተካሉ፣ ፋሼታዎቹ ይጠብቃሉ፣ «ለአዲስ ፖምፓ አሮጌ ፊልትሮ አይገጥምም» ተብሎ ፊልትሮው ይለወጣል፣ ሽቦዋ ተፍቃ ትታሰራለች፣ አየሩ በሥርዓት ይወጣል። ከዚያ መኪናው ይነሳል። አምስትና ስድስት ነገር በአንድ ቀን ተለውጦ የትኛው እንዳዳነው ማን ያውቃል? ምስጋናውን የሚወስደው ግን ውዱ ነው። መካኒኩም አላታለለም፤ በዓይኑ ያየውን መስክሯል፤ በልምዱ መዝገብ ላይ «ፖምፓ» የሚል አንድ መስመር ተጨመረ። እንዲህ ያለ መስመር ሃያ ዓመት ከተጠራቀመ ልምዱ ሃያ ዓመት ይሆናል፣ ስሕተቱም አብሮ ሃያ ዓመት ይሞላዋል። ልምድን ከልማድ የሚለየው አንድ ሕግ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ከዚያ ማስነሳትና ማየት።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጊዜ ነው። ሚኒባስ የያዘ ሰው የዕለት ገቢ ማስረከብ አለበት፤ አረፋ ሲቆጥር አይውልም። ይህ ተቃውሞ የሚያሳዝን እውነት አለበት፣ መደምደሚያው ግን ይገለበጣል። ክዳን መክፈት፣ ድምፅ ማዳመጥ፣ ውኃ ማውጣት፣ ማጣሪያ ወደ ፀሐይ ማየትና ጥርት ያለ ቱቦ መግጠም ተደማምረው ከአንድ ከሰዓት በኋላ አያልፉም። ፖምፓ ማውረድ፣ መለኪያ ማሽን ላይ ወረፋ መያዝ፣ መልሶ መግጠምና ሰዓቱን ማስተካከል ግን ቀናት ይወስዳል፤ ሰዓቱ በጥቂት ዲግሪ ከተዛነፈም መኪናው ያልነበረበትን በሽታ ይዞ ይመለሳል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። ከችኮላ ሁሉ የከፋው ደግሞ አልነሳ ያለን ናፍጣ ሞተር በአየር ማጣሪያው በኩል ቤንዚን እየረጩ ማስነሳት ነው፤ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ግለው ከሆነ ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ ይፈነዳል፣ ፒስተንም ሊሰብር ይችላል። በዚያን ጊዜ በርግጥም ፖምፓው አይደለም፤ ሞተሩ ነው።

ሦስተኞቹ ደግሞ «ናፍጣው ነው የተበላሸው፣ እኛ ምን እናድርግ?» የሚሉ ናቸው። ናፍጣ ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ በቦቴ፣ በማደያ ጉድጓድ፣ አንዳንዴም በመንገድ ዳር በርሜልና ጀሪካን እየተገላበጠ ለሚመጣበት አገር ይህ ባዶ ጥርጣሬ አይደለም። ግን እሱም ይፈተናል። ከፊልትሮው እግር ላይ የወጣው ናፍጣ በጥርት ብርጭቆ ተቀድቶ እስኪረጋ ቢቆይ ውኃው ከሥር ለብቻው ይቀመጣል፣ ደለሉም ይታያል። ናፍጣው መጥፎ ከሆነ ደግሞ ከዚያው ማደያ በዚያው ቀን የቀዱ መኪኖችም ማስነጠስ ነበረባቸው። ሁሉም ደህና እየሄዱ አንዱ ብቻ ከቆመ የማደያው ስም ከመነሳቱ በፊት የአንዱ ታንከር ይታይ። ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይሏል እንዲህ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ትክክለኛው ነው፤ አንዳንድ ጊዜ በእውነት ፖምፓው ነው። ይህን የሚክድ ሰው ከመንገድ ዳር ፈራጆቹ አይሻልም። ነገር ግን ያለቀ ፖምፓ የራሱ ጠባይ አለው። አየር የገባበት መኪና ቀዝቅዞ ሲያስቸግር፣ ውስጡ የተበላ ፖምፓ ግን ግሎ ነው የሚያስቸግረው፤ ናፍጣ ሲሞቅ ስለሚቀጥን በተበላው ክፍተት ያመልጥና ግፊቱ ይወድቃል። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነስቶ፣ ሩቅ ተጉዞ ከጠፋ በኋላ አልነሳ የሚል፣ ፖምፓው ሲቀዘቅዝለት ደግሞ የሚነሳ መኪና ተከሳሹን በደንብ አስመስክሮበታል። በነዳጅ መስጫው ዘንግ ወይም በአንገቱ ዙሪያ ናፍጣ የሚያነባ ፖምፓም ጎሚኒዎቹ አልቀዋልና ወደ ባለሙያ ይሂድ፤ ይህም ቢሆን ብዙ ጊዜ ጎሚኒ መቀየር ነው እንጂ ሙሉ ፖምፓ መግዛት አይደለም። ልብ በሉ፣ ይህን ፍርድ በልበ ሙሉነት መስጠት የሚችለው ከፖምፓው በፊት ያሉትን ሁሉ ያጣራ ሰው ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ፖምፓውን ከቅጣት ለማስመለጥ አይደለም፤ ሲቀጣ በማስረጃ እንዲቀጣ ነው።

ይህ ሁሉ ለአሮጌ ብረት የበዛ ትንታኔ ነው የሚል ካለ፣ አሮጌው ብረት ገና ብዙ ዓመት አብሮን እንደሚኖር ያስታውስ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለውን አድኖ መያዝ ግድ ሆኗል። ኮምፒውተር ያላቸው አዳዲሶቹም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። ስካነሩ «የነዳጅ ግፊት ዝቅተኛ ነው» ሲል ምልክቱን ነው የነገረን፣ ጥፋተኛውን አይደለም፤ የታፈነ ፊልትሮም ያንኑ ኮድ ያስወጣል። ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የሚሸጋገረውም ቢሆን ፖምፓ ስለሌለው ከፍርዱ የተገላገለ እንዳይመስለው። የቆመ ኤሌክትሪክ መኪና ዙሪያ የሚሰበሰቡት ሰዎች «ባትሪው ነው!» ይላሉ፤ ከመኪናው ሁሉ ውዱን፣ በወለሉ ሥር የተዘረጋውን ትልቁን ማለታቸው ነው። እሱ መኪና ግን ዳሽቦርዱን የሚያበራለትና ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው እንደ ማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለው፤ ትንሹ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነቃም። ስለዚህ መካኒኩ ውዱ ዕቃ ነው የተበላሸው ሲልዎት አይቆጡ፣ አይከራከሩ፤ «ጌታዬ፣ ከእሱ በፊት ያለውን ርካሹን አይተኸዋል?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። አይቶት ከሆነ መልሱ ዝግጁ ነው፤ ካላየውም ቼኩን ከመፈረምዎ በፊት ሄዶ ያየዋል።